«ይመለሱ» የሚል ገበያ ፍለጋ

እኔ እልኸኛ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ቤቲ ይህን ብታነብ የምትስቀው ሳቅ ከወዲሁ ይሰማኛል፤ ግን እውነቴን ነው። አንድ ነገር ከጀመርኩ ወይ እስኪሳካ ወይ ጨርሶ እስኪበላሽ አልተውም እንጂ እልኸኛስ አይደለሁም። ባለፈው ሰመር በዚሁ ጠባዬ የተነሳ አማቴን ይዤ ቶሮንቶን ገበያ ለገበያ ስዞር ከረምኩ። የደረሰብኝን ሁሉ ብነግራችሁ ውርደቴ ይቀልልኛል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። አማቴ እማማ የሺ ከአዲስ አበባ የመጡት የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ቤቲን ሊያርሱ ነው። ገንፎው ተገነፋ፣ አጥሚቱ ተጠጣ፣ ልጃችን ናቲ ስድስት ወር ሞላው። አንድ ማታ ራት በልተን እንደጨረስን እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንግዲህ እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ልሂድ» አሉ።

እኔና ቤቲ ተያየን። በሆዳችን ያለው ሌላ ነው። ቤቲ በመኸር ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ እሱ እንኳ ይቅር። ቤታችን ቤት የሆነው እሳቸው ከገቡ ወዲህ ነው። ናቲ እሳቸው ጀርባ ላይ ካልሆነ አይተኛም። እኔም ከሥራ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው ለምጃለሁ፤ ቁልፌን ኪሴ ውስጥ ከረሳሁት ወራት አልፈዋል። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ግን ነውር መሰለን። ሞግዚት ሊያደርጉኝ ነው ቢሉስ? የራሳቸው ቤት አላቸው፣ የራሳቸው እድር አላቸው፣ በምን አፋችን እንያዛቸው? ይሉኝታ ያዘንና እኔ «እንደሚመችዎ» አልኩ። ቤቲም «እንደሚመችሽ እማዬ» አለች። እማማ የሺም «እሺ» አሉና ሳህን ማንሳት ጀመሩ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት መንዳት ነው፤ ማሰቢያ ጊዜ ሞልቷል። እኚህ ሴት ምን ጎድሏቸው ነው የሚሄዱት? ከሰዓት በኋላ ላይ ብልጭ አለልኝ። ገበያ!

እማማ የሺ በሰፈራቸው የታወቁ ገዢ ናቸው። ሠርግ ሲደገስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ የሽንኩርትና የበርበሬው ግዢ በእሳቸው እጅ ነው። ሰው ጫማ ሊገዛ እንኳ «እማማ የሺ፣ እስቲ አብረውኝ ይምጡ» ይላቸዋል። እንዲህ ያሉትን ሴት አምጥተን ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥናቸው። አንድ ጊዜ ሱፐርማርኬት ወስጃቸው መሃሉ ላይ ቆመው ዙሪያውን ቃኙና «ይሄ መጋዘን ነው፤ ሻጩ የት አለ?» አሉኝ። ሰው ራሱ የሚከፍልበትን ማሽን አሳየኋቸው። ማሽኑን በሐዘኔታ አይተው ወጡ።

«እውነተኛ ገበያ ካሳየኋቸው አይሄዱም» ብዬ ለቤቲ ማልኩላት። ቤቲ ናቲን እያጠባች «ኦኬ፣ ትራይ አድርግ» አለችኝ። ነገሩ እንደማይሆን ሲገባት የምትለው ቃል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኢስት ዮርክ ውስጥ ገበሬዎች በሚሸጡበት አንድ ፓርክ ወሰድኳቸው። ድንኳን ተደርድሯል፣ አትክልቱ በቅርጫት ተቆልሏል፣ ከኋላው ሰው ቆሟል። እማማ የሺ ፊታቸው በራ። ገበያ የራሱ ሕግ እንዳለው ከባሱ ሳንወርድ ነግረውኛል። የመጀመሪያው ዙር ለዓይን ነው፣ ሁለተኛው ለእጅ፣ ሦስተኛው ለአፍ። በመጀመሪያው ዙር የገዛ ሰው ገንዘቡን መንገድ ላይ ቢጥለው ይሻለዋል።

የዓይኑ ዙር በሰላም አለቀ። የእጁ ዙር ግን ላብ በላብ አደረገኝ። ቲማቲም ይጨምቃሉ፣ ፎሶሊያ ቀጭ ያደርጋሉ፣ ጎመኑን አገላብጠው ከሥሩ ትል ይፈልጋሉ። ሻጮቹ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ ዓይናቸውን እማማ የሺ እጅ ላይ ተክለዋል። እኔ ከኋላ ከኋላ «ሶሪ፣ ሶሪ» እያልኩ እከተላለሁ።

በሦስተኛው ዙር አንድ ወጣት ገበሬ ፊት ቆሙ። ቲማቲሙ የተጨማደደና የተሰነጠቀ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ወይን ጠጅ መልክ አለው። እዚህ አገር ቲማቲም መልከ ጥፉ ሲሆን ዋጋው እጥፍ ነው። እማማ የሺ አንዱን አንስተው አዩና «ይሄማ ለከብት የሚጣል ነው በለው» አሉኝ።

ቲማቲምህ በጣም ያምራል ይሉሃል አልኩት። ልጁ ደስታውን አልቻለውም። ስለ ዘሩ፣ ስለ አያቱ እርሻ፣ ስለ አፈሩ ይተነትንልኝ ጀመር።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ጥፋቱን አምኗል።»

«እንግዲያው በግማሽ ይስጠን።»

አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ጠየቅሁት። ልጁ በትሕትና ዋጋው እዚያ እንደተጻፈ አሳየኝና መልካም ቀን ተመኘልን። እማማ የሺ ይህንኑ ሲጠብቁ ነበር። ቲማቲሙን አስቀመጡ፣ «እንሂድ» አሉኝ፣ መሄድ ጀመሩ።

ይህን አካሄድ ለማያውቅ ላስረዳ። መሄድ አይደለም፣ መቆምም አይደለም። እግር ይሄዳል፣ ጆሮ ይቀራል። አምስት እርምጃ ሳይሞላ ሻጩ «ኧረ ይመለሱ እማማ! ስንት ይጨምራሉ?» ማለት አለበት። ገዢ በመጀመሪያው ጥሪ አይዞርም፤ በሁለተኛው ይቆማል፤ በሦስተኛው እያጉረመረመ ይመለሳል። ካናዳ እስክገባ ድረስ ዓለም በሙሉ በዚህ ሕግ የሚተዳደር ይመስለኝ ነበር።

አምስት እርምጃ ሄድን፤ ዝም። አሥር ሄድን፤ ዝም። እማማ የሺ ቆመው ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ። «ዞር ብለህ እንዳታይ» አሉኝ በሹክሹክታ። ማር ሻጩን አለፍን፣ ዳቦ ሻጯን አለፍን፣ ፓርኩ አለቀና ባስ ፌርማታው ላይ ደረስን። ባሱ ሲመጣ እንኳ አንድ እግራቸውን አስገብተው ትንሽ ቆዩ፤ ሹፌሩ የታመሙ መስሎት ወንበር አስለቀቀላቸው።

ቤት ስንገባ ቤቲ ምን ገዛችሁ አለች። እማማ የሺ ጫማቸውን እያወለቁ ልጁ ኩሩ ነው አሉ፤ ባልሽ ደግሞ ዞር ብሎ አይቶ አበላሸብኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይቻለሁ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። በሚቀጥለው እሁድ አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ወሰድኳቸው። እዚያ ዋጋ አይጻፍም፣ መከራከርም ይቻላል፤ ሦስት ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እማማ የሺ ሦስቱን ዙር ፈጽመው አንዲት በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ ፊት ቆሙ። ሴትየዋ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ ነው። እማማ የሺ የመረጡት አንድ ከባድ የብረት ድስት ነበር። ሴትየዋ አሥር ዶላር አሉ። እማማ የሺ ለረጅም ትግል ወገባቸውን አጥብቀው አራት በላቸው አሉኝ።

«ሹር» አሉ ሴትየዋ፣ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ።

«ምን አሉ?»

«እሺ አሉ።»

«እንዴት ነው እሺ የሚሉት?»

ድስቱ ተገለበጠ፣ በጣት ተንኳኳ፣ ወደ ፀሐይ ተይዞ ቀዳዳ ተፈለገበት። ክዳኑ ሦስት ጊዜ ተገጥሞ ተከፈተ። ሰው ዕቃውን ካልጠላው እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም፣ ይሄ ድስት ወይ ተሰንጥቋል ወይ ተሰርቋል አሉኝ። ሴትየዋም መጠራጠራችንን አይተው አዘኑልንና በጣታቸው እያሳዩ ሦስት ዶላር አደረጉት። እማማ የሺ ጣቶቹ ሦስት ሲሆኑ አዩ፤ ፊታቸው ይብስ ጠቆረ።

ጠጋ ብዬ ሴትየዋን ለመንኳቸው። እባክዎ እምቢ ይበሉን አልኳቸው። ሹራባቸውን አስቀመጡ። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኛ ዘንድ እምቢ ማለት ገዢን እንደ ማክበር ነው፣ ቢያንስ ስምንት ይበሉና ትንሽ ይቆጡ አልኩ። በእንግሊዝኛዬ ላይ የነበረኝን እምነት ያጣሁት ያን ቀን ነው። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አዩኝና ድስቱን ገፋ አድርገው «ፍሪ» አሉ፤ ዝም ብላችሁ ውሰዱት።

«ፍሪ» የምትለዋን ቃል እማማ የሺ ያውቋታል። ከድስቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «በል ና ውጣ፣ ፖሊስ ሳይመጣ» አሉኝ። ጡረተኛ ሴት በነጻ ድስት አባርረውን ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በዚህ መሃል ወሩ እያለቀ ነው። ሻንጣቸው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቤቲ ስልኳ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት ትፈልጋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ንገሪያቸው አልኳት። አንተ ንገራቸው አለችኝ። ሁለታችንም ሳንነግራቸው ራት በላን።

ቆረጥኩ። ገበያው እሳቸውን ካልጠራቸው እኔ አስጠራቸዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ዳር አንድ ገበያ ይቆማል። የዚያን ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ብቻዬን ሄድኩ። ድንኳን ሲተክሉ ደረስኩና አንድ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጥ ፂማም ገበሬ መረጥኩ። ደግ ሰው ይመስላል፤ ጥፋቱም ደግነቱ ሆነ። አማቴን አመጣለሁ፣ ነጠላ የለበሱ ናቸው፣ ዋጋ ሲቀንሱ እምቢ በል፣ ከዚያ ሲራመዱ ስታይ በአማርኛ «ይመለሱ እማማ» ብለህ ጥራ አልኩት። ታመዋል ወይ አለኝ። ኧረ ደህና ናቸው አልኩት። ሽንኩርቱን መጀመሪያውኑ በቅናሽ ልስጣቸው አለኝ። በጭራሽ አልኩት። ቃሉን ካርቶን ላይ በራሱ ፊደል ጻፈው፤ ሃያ ጊዜ ያህል አስደገምኩት። ስሄድም ከኋላዬ ይለማመድ ነበር።

ወደ ቤት ተመልሼ እማማ የሺን ይዤ መጣሁ። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ዘንበል ብላለች፣ አምፖሎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ጊታር ይመታል፣ ሰው ተገፋፍቶ ነው የሚያልፈው። እማማ የሺ ሲጋፏቸው ደስ አላቸው። «አሁን ይሄ ገበያ ነው» አሉ። ልቤ ወፈረ። ለዓይን ዙር ተሰማራን።

ከነጭ ሽንኩርቱ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረን ፂማሙ ገበሬ አየን። ሲራመዱ ስታይ ጥራ ብዬዋለሁ፤ እሳቸውም ይኸው እየተራመዱ ነው። ብድግ አለ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ይመለሱ እማማ!» አለ።

ራሴን ነቅንቄ ተው አልኩት። ያልተሰማ መሰለው፤ ድምፁን ከፍ አደረገና «ይመለሱ እማማ! ይመለሱ!» አለ። ጊታሩ እንኳ ዝም አለ።

እማማ የሺ ድርቅ ብለው ቆሙ። ገበሬውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ሳልሄድ ምኑን እመለሳለሁ?» አሉ።

ኢትዮጵያ ኖሮ ይሆናል ልል ጀምሬ ተውኩት። አንተ ነህ ያስተማርከው አሉኝ። አዎ አልኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አጣፉና «በቃ ልሂድ» ብለው እኔን ሳይጠብቁ ወደ ስትሪትካሩ ባቡር ፌርማታ ጉዞ ጀመሩ። ፂማሙ ገበሬ ሥራውን በሚገባ እንደተወጣ ሰው አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ኩም ብዬ ቀረሁ። ከኋላቸው አያቸዋለሁ። አምስት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ አሁን ገና አጣፍተውት ነበር። ጥቂት ሄዱና እስካሁን ዞር ብለው ያላዩትን ሐይቅ ማየት ጀመሩ። ደግሞ ሄዱ፤ ቀስ ብለው፤ አንገታቸውን ሳያዞሩ።

ይሄኔ ነው የገባኝ። ያን ማታ ከራት በኋላ «ልሂድ» ያሉት እንዲህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀስ ብለው ሲሄዱ ነበር። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ያወጡት ለዚህ ነው፣ ኮሪደር ላይ ያቆሙት ለዚህ ነው። እኔና ቤቲ ግን እንደ ቲማቲም ሻጩ ልጅ ፈገግ ብለን መልካም ጉዞ ስንመኝ ከረምን። ይመለሱ የሚላቸው አንድ ሰው ጠፍቶ ነው ይህን ያህል የተራመዱት። እዚያው ቆሜ ራሴን ረገምኩ።

«እማማ የሺ!» አልኩ። «አይሄዱም!»

አልዞሩም። መጀመሪያው ነዋ።

«እማማ የሺ፣ ይመለሱ! ያለ እርስዎ አንችልም!»

ቆሙ። ሰው መንገድ ለቆልኛል፤ አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ ልትቀርጸኝ ነው። ትቅረጽ አልኩ በልቤ።

«ቤቲ ሽንት ቤት ተደብቃ ነው የምታለቅሰው! እኔም ባዶ ቤት መግባት አልፈልግም! ስለ እግዚአብሔር ይመለሱ!»

እያጉረመረሙ ተመለሱ። አጠገቤ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ይሄን ለማለት ነው ገበያ ለገበያ ያዞርከኝ?» አሉኝ።

ሞግዚት አደረጉኝ እንዳይሉ ፈርተን ነው አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ሥራዋን ጨርሳለች፣ ምናለ ብትሄድልን የምንል መስሏቸው ነበር። እንደሚመችዎ ስትሉኝ ሆዴን ባሰኝ አሉ። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ሁለታችንም አፍንጫችንን ጠረግን። ከዚያ እማማ የሺ ጉሮሯቸውን አጸዱና ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

«ጥርስ እስኪያወጣ እቆያለሁ።»

«ትምህርት ቤት እስኪገባ» አልኩ።

«አብደሃል እንዴ? ድክ ድክ እስኪል።»

ተነስቼ መሄድ ጀመርኩ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ «ና ተመለስ» አሉኝ፤ ወዲያው ዞርኩ። በመጀመሪያው ጥሪ የሚዞር ሞኝ ተብዬ ተሰደብኩ። ብዙ ተከራከርን። ጀልባዎቹ መብራት እስኪያበሩ ድረስ ሁለታችንም ወይ ፍንክች አልን። በመጨረሻ ልጁ አፉን እስኪፈታ፣ እሱም በአማርኛ እስኪፈታ፣ ተስማምተን እጅ ተማታን። ተመልሰን ከፂማሙ ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት ገዛን፤ ዋጋውን አልቀነሱትም። እሱ ግን ሦስት ራስ ጨምሮ ሰጠን፤ ይሄን ደግሞ ከማን እንደተማረው እንጃ።

ማታውኑ ለቤቲ ነገርኳት። ቤቲ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ «እማዬ፣ እኔ እኮ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው» እያለች አለቀሰች። እማማ የሺም አንቺስ ብትጠሪኝ ምን ነበረበት ብለው ተቆጧት። ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ።

ይኸው ክረምቱም በረዶውም አለፈ። ናቲ ጥርስ አወጣ፣ ድክ ድክ አለ፣ ዓመት አለፈው። የመጀመሪያ ቃሉ ሊፍት ውስጥ ለጎረቤት ያላት «ባይ» ነበረች። እማማ የሺ ይሄ አማርኛ አይደለም፣ አይቆጠርም አሉ። እኔና ቤቲም በፍጹም አይቆጠርም አልን።

ባለፈው እሁድ ቁርስ ላይ ናቲ ወደ ጠረጴዛው ጣቱን ዘረጋና «ዳቦ» አለ። ጥርት ያለ ዳቦ ነው፤ የዜና አንባቢ እንኳ እንዲህ አይልም። ቤቲ ጎንበስ ብላ ማንኪያ ትፈልግ ጀመር። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ናቲ እንደገና «ዳቦ» አለ። እማማ የሺ ሻይ እየቀዱ «ይሄን ልጅ ሆዱን ነፍቶት ነው መሰል ያጉረመርማል» አሉ። ቤቲም «ይመስለኛል» አለች። ዳቦውን ግን እማማ የሺ ቆርሰው ሰጡት።